ባለ አራት ምት ሞተርን በብስክሌት ላይ መግጠም፡ ከኋላው ጎማ እስከ ካንዴላው ቀለም

ሞተር የተገጠመለት ብስክሌት መንገድ ላይ ሲቆም ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሞተሩ አይደለም። ስፕሮኬቱ (ካቴናው የሚዞርበት ጥርሳም ክብ ብረት) ተንጋዶ ካቴናውን ይጥለዋል፤ የካቴና መወጠሪያው ዞሮ ከቸርኬው ሽቦዎች መካከል ይገባል፤ ፍሬኑ ለአዲሱ ፍጥነት ሳይበቃ ይቀራል። ሞተሩ ከፋብሪካ ተስተካክሎ የመጣ ነው፤ ብስክሌቱ ግን ለሰው እግር ጉልበት የተሠራ ነው። ስለዚህ በዚህ መመሪያ ሰፊውን ቦታ የሰጠሁት ለኋላው ጎማ፣ ለካቴናውና ለፍሬኑ ነው። እነዚህ በትክክል ከተሠሩ ሞተሩን መግጠም የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

የምንገጥመው በገበያ በብዛት የሚገኘውን 49 ሲሲ ሞተር ነው። ሁዋሼንግ 142ኤፍ የሚባለው የቻይና ሥራ በጣም የታወቀው ሲሆን፣ አሠራሩ ከሆንዳ ጂኤክስኤች50 ጋር ይቀራረባል። አንድ ፒስተን ያለው፣ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ ኃይሉ ከ2 የፈረስ ጉልበት ትንሽ የሚበልጥ ትንሽ ሞተር ነው። የሆንዳ ኩባንያ መሥራች ሶይቺሮ ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1946 ከጦርነት የተረፉ የሬዲዮ ጄኔሬተር ሞተሮችን ብስክሌት ላይ እየገጠመ መሸጥ ሲጀምር ሞተሮቹ ባለ ሁለት ምት ነበሩ። በ1958 የወጣው ሱፐር ከብ የተባለው የሆንዳ ሞተር ብስክሌት ግን 49 ሲሲ ባለ አራት ምት ሞተር ይዞ መጣ። ልዩነቱ ዛሬም ያው ነው። ባለ አራት ምት ሞተር ዘይቱን ለብቻው ይይዛል፣ ጭሱ ያንሳል፣ ድምፁም ይለዝባል። በምትኩ ይከብዳል፣ ይሰፋል፣ ከጎኑም ካምቢዮ (የሞተሩን ዙር ቀንሶ ለካቴናው የሚሰጥ ማርሽ) ይፈልጋል።

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ሕጉን ይጠይቁ። ሞተር የተገጠመለት ብስክሌት በአብዛኛው አገር በሕግ ፊት እንደ ተራ ብስክሌት አይቆጠርም። በኢትዮጵያ የሰሌዳ፣ የመንጃ ፈቃድና የመድን ጉዳይ ስለሚነሳ ወደ አካባቢዎ የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት መሄድ ያስፈልጋል፤ አዲስ አበባ በተለይ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በሞተር ብስክሌቶች ላይ ገደብ የጣለች ከተማ ናት። ካሊፎርኒያ የሚኖር አንባቢ ደግሞ የዚያ ግዛት ሕግ በሞተር የሚታገዝ ብስክሌትን ከ4 የፈረስ ጉልበት በታች በሆነ ሞተር፣ ራሱ በሚቀይር ማስተላለፊያና በሰዓት 30 ማይል ፍጥነት እንደሚወስነው፣ የሞተር ብስክሌት መንጃ ፈቃድም እንደሚጠይቅ ይወቅ። አውሮፓ ውስጥ እስከ 50 ሲሲና በሰዓት እስከ 45 ኪሎ ሜትር ያለው ከሞፔድ ይመደባል፤ በቤት የተገጠመውን ማስፈቀድ ግን ቀላል አይደለም።

ለዚህ ሥራ የሚሆን ብስክሌት

ፍሬሙ ብረት ይሁን። አሉሚኒየም የማያቋርጥ ንዝረት ሲበዛበት ሳያስጠነቅቅ ይሰነጠቃል፤ ቱቦዎቹም ብዙ ጊዜ ወፍራም ስለሆኑ የሞተሩ ማቀፊያ አይዛቸውም። የካርቦን ፍሬም ፈጽሞ አይታሰብም። ከኢትዮጵያ መንገዶች የማይጠፉት ቀጥ ያለ ላይኛ ቱቦ ያላቸው የቆዩ የቻይና ብረት ብስክሌቶች ቢከብዱም ለዚህ ሥራ የተመቹ ናቸው፤ በፍሬሙ መካከል ያለው ሦስት ማዕዘን ሰፊ ነውና።

ያንን ሦስት ማዕዘን ሳይለኩ ሞተር አይግዙ። ሻጩ ጋር ያለውን ሞተር ከነካምቢዮው ካርቶን ላይ አስቀምጠው ዙሪያውን በእርሳስ ያንሱ፤ ካርቶኑን ቆርጠው ፍሬሙ ውስጥ ያስገቡ። ከላይ ለካንዴላው መንቀያ፣ ከኋላ ለካርቡሬተሩና ለአየር ፊልትሮው፣ ከታች ለዘይት ማፍሰሻው ቦታ መቅረት አለበት። ሞተሩ ገብቶ ካንዴላው የማይፈታ ከሆነ ያ ብስክሌት ለዚያ ሞተር አይሆንም።

የኋላው ቸርኬ 36 ሽቦ ያለው ይሁን። ሞዞውን (የቸርኬውን መሃል እምብርት) በእጅዎ ይዘው ወደ ጎን ይግፉት፤ ከተንቀጠቀጠ ኩሽኔታው መቀየር ወይም መጥበቅ አለበት። የላላ ሽቦ ካለ አሁን ይወጠር፤ የተጣመመም ቸርኬ አሁን ይቃና። ስፕሮኬት ከታሰረበት በኋላ ይህን ማድረግ እጅግ አድካሚ ነው።

ስለ ፍሬኑ አጥብቄ እናገራለሁ። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ብስክሌት በ20 ከሚሄደው ጋር ሲነጻጸር ፍሬኑ ማጥፋት ያለበት ጉልበት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ነው። ከፊትም ከኋላም የሚሠራ ፍሬን የሌለው ብስክሌት ላይ ሞተር መገጠም የለበትም። ያረጀ የፍሬን ላስቲክና የተበጣጠሰ የፍሬን ሽቦ ይቀየር። አንዳንድ ኪቶች (ሞተሩ ከመግጠሚያ ዕቃዎቹ ጋር አብሮ የሚሸጥባቸው ጥቅሎች) ሁለቱንም ፍሬን በአንድ ጊዜ የሚስብ አንድ እጀታ ይዘው ይመጣሉ። እኔ አልወደውም፤ ያ እጀታ ቢሰበር ሁለቱም ፍሬን በአንድ ላይ ይጠፋል። ለየብቻቸው ይሁኑ።

ጥርስ መቁጠር

ስፕሮኬት ከመግዛትዎ በፊት ይህን ቀላል ስሌት ይሥሩ። የብዙዎቹ ካምቢዮዎች ቅነሳ 5 ለ 1 ነው። በካምቢዮው ላይ ያለው ትንሹ ስፕሮኬት 10 ጥርስ፣ የኋላው ደግሞ 44 ጥርስ ከሆነ 44 ለ10 ሲካፈል 4.4፣ በ5 ሲባዛ 22 ይሆናል። ሞተሩ 22 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንድ ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። ሞተሩ በደቂቃ 7,000 ጊዜ ቢዞር ጎማው 318 ጊዜ ይዞራል፤ የ26 ኢንች ጎማ ዙሪያ 2.07 ሜትር ገደማ ስለሆነ ፍጥነቱ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይመጣል። ትንሹን ባለ 11 ጥርስ ቢያደርጉት ወደ 43 ከፍ ይላል፣ ዳገት ላይ ግን ይደክማል። የኋላውን ባለ 50 ጥርስ ቢያደርጉት ወደ 35 ይወርዳል፣ ዳገቱን ግን ይወጣል።

ባሕር ዳርና ሀዋሳን የመሰለ ሜዳ ከተማ 44 ጥርስ ይበቃዋል። ዳገት የሚበዛበት አካባቢ የሚኖር ሰው ትልቁን ስፕሮኬት ቢመርጥ ይሻላል፤ ይህ ሞተር ከፍጥነት ይልቅ የሚጎድለው የመጎተት ጉልበት ነው።

ስፕሮኬቱን ከኋላው ጎማ ማሰር

ከሁሉም የሚበልጠው ሥራ ይህ ነው፤ ሙሉ ግማሽ ቀን ቢወስድ አይቆጭም። የሞተሩ ካቴና በግራ በኩል ይሄዳል፤ የፔዳሉ ካቴና በቀኝ በኩል እንደነበረ ይቀራል።

በኪቱ ውስጥ 9 ቀዳዳ ያለው ስፕሮኬት፣ ሁለት ክብ ላስቲኮች፣ ግማሽ ጨረቃ የሚመስሉ የብረት ሳህኖችና 9 ብሎን ከነዳዶና ሮንዴላቸው ያገኛሉ። ጎማውን ከብስክሌቱ ያውጡ። አንዱን ላስቲክ አንድ ቦታ ላይ ቆርጠው በሽቦዎቹ መካከል አሾልከው ከውስጥ በኩል ያስቀምጡ፤ ሁለተኛው ከውጭ ይሆናል። ሳህኖቹ ከውስጠኛው ላስቲክ ጀርባ ይገባሉ፤ ስፕሮኬቱ ከውጭው ላስቲክ ላይ ይቀመጣል። ብሎኖቹ በሽቦዎቹ መካከል ባለው ክፍተት ያልፋሉ እንጂ ሽቦ መንካት የለባቸውም።

አሁን መሃሉን ማግኘት ነው። የስፕሮኬቱ መካከለኛ ቀዳዳ ብዙ ጊዜ ከሞዞው ስለሚሰፋ ስፕሮኬቱ ወደ አንድ ጎን ያጋድላል። ክፍተቱን በካሊብሮ ለክተው እኩል ውፍረት ያለው ቀጭን የቆርቆሮ ቁራጭ ዙሪያውን ይሙሉበት። ቀዳዳው የሚጠብ ከሆነ ደግሞ በሞረድ ዙሪያውን እኩል ያስፉት።

ብሎኖቹን ሁሉ በእጅ ካስገቡ በኋላ አንዱን ትንሽ አጥብቀው ወደ ተቃራኒው ይሻገሩ፤ እንዲህ እያደረጉ ደጋግመው ይዙሩ። አንዱን ብሎን እስከ መጨረሻ አጥብቆ ወደ ሚቀጥለው መሄድ ስፕሮኬቱን ያዘነብለዋል። ላስቲኩ ተጨምቆ ሲይዝ ይበቃል፤ ወደ ጎን አብጦ ከወጣ ከልክ በላይ ጠብቋል።

ጎማውን ወደ ቦታው መልሰው ብስክሌቱን ገልብጠው ያቁሙት። ሞተር ስላልተገጠመ አሁን መገልበጥ ይቻላል። አንድ የብረት ዘንግ ወይም ካቻቢቴ ከፍሬሙ ጋር አስረው ጫፉን ወደ ስፕሮኬቱ ጥርሶች ያስጠጉ፤ ከዚያ ጎማውን ቀስ ብለው ያዙሩ። ስፕሮኬቱ ወደ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ከ1 ሚሊ ሜትር ማለፍ የለበትም። በሚወዛወዝበት አቅጣጫ ያሉትን ብሎኖች በጥቂቱ ላላ ወይም ጠበቅ እያደረጉ ያስተካክሉ። ወደ ላይና ወደ ታች የሚወዛወዝ ከሆነ ግን ችግሩ የመሃሉ ነው፤ ፈትቶ ቆርቆሮውን እንደገና ከማስተካከል በቀር መድኃኒት የለውም። ሰዎች እዚህ ላይ ይሰለቻሉ። አይሰልቹ፤ የተንጋደደ ስፕሮኬት ካቴናውን አንድ ጊዜ ወጥሮ አንድ ጊዜ ያላላዋል፣ የላላው ጊዜ ካቴናው የሚወርድበት ጊዜ ነው።

ገንዘብ ካለዎት ሞዞውን ራሱን የሚያቅፍ የአሉሚኒየም ማሰሪያ ይግዙ። ሽቦዎቹን ከጭነት ያድናል፤ መሃሉንም ያለ ድካም ይይዛል። ከዚህ ኪት ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ልቀይር ብባል የምቀይረው ይህንን ነው።

ሞተሩን ማስቀመጥ

ፍሬሙን በትራፓኖ አይብሱት። የተበሳ ቱቦ የሚሰበረው በቀዳዳው ላይ ነው። የሞተሩ መቀመጫ ቱቦዎቹን በማቀፊያ የሚይዝ ነው፤ ማቀፊያው ከሰፋ ክፍተቱን በቀጭን ብረት ይሙሉት። ብዙ ሰው የጎማ ከላማዳሪ ቆርጦ ይጠቀልልበታል፤ ለስላሳ ላስቲክ ግን ሞተሩ ከቦታው እንዲንቀሳቀስ ያደርጋል፣ ሞተር በተንቀሳቀሰ ቁጥርም የካቴናው መስመር ይበላሻል።

ሞተሩ ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ውስጡ ያለው ዘይት በደረጃው መቀመጥ አለበት። ከዚያ መስመሩን ይፈትሹ። ክር ከኋላው ስፕሮኬት ፊት ላይ አስጠግተው እስከ ካምቢዮው ትንሽ ስፕሮኬት ድረስ ይወጥሩ። ክሩ የሁለቱንም ፊት እኩል መንካት አለበት። ካልነካ ሞተሩን በመቀመጫው ላይ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ያንሸራቱት። መስመሩ ሳይስተካከል ብሎን መጨረስ የለም። ሲጨርሱ እያንዳንዱ ብሎን የሞላ (የስፕሪንግ) ሮንዴላ ወይም ራሱን የሚቆልፍ ዳዶ ይኑረው፤ የአንድ ፒስተን ንዝረት ተራ ዳዶን ይፈታዋል።

ይህ ሞተር ሰፊ ስለሆነ የቀድሞው የፔዳል ክንድ አያልፈውም። ከኪቱ ጋር የሚመጣው ወደ ውጭ የሰፋው ክንድ ለዚህ ነው። ሲፈቱ አንድ ነገር ያስታውሱ፤ የግራው ፔዳል ጥርስ የተገላቢጦሽ ነው፣ በሰዓት አቅጣጫ ሲዞር ይፈታል። ይህን ሳያውቁ በጉልበት የሚታገሉ ክንዱን ያበላሹታል። አዲሱን ገጥመው ፔዳሉን ሙሉ ዙር ያዙሩ፤ ማርሚታውንም ካምቢዮውንም ሳይነካ ማለፍ አለበት።

ካቴናው

የእነዚህ ኪቶች ካቴና በአብዛኛው 415 የሚባለው ነው፤ ከአንዱ ፒን እስከ ሌላው 12.7 ሚሊ ሜትር አለው። በሁለቱ ስፕሮኬቶች ላይ ጠምጥመው የሚተርፈውን ይቁረጡ። ማገናኛው ላይ ያለችው ትንሽ የሞላ መቆለፊያ የተዘጋ ጫፏ ካቴናው ወደሚሄድበት አቅጣጫ ይሁን፤ ክፍቱ ጫፍ ከቀደመ አንድ ነገር ሲነካት ትወልቃለች።

መሃሉ ላይ በጣት ሲጫኑት ከ12 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ይርገብ። ጎማውን እያዞሩ በተለያየ ቦታ ይለኩት፤ የመርገቢያው ልክ የሚወሰነው ካቴናው በጣም በሚወጠርበት ቦታ ላይ ነው።

በኪቱ ውስጥ ትንሽ ጎማ ያለው የካቴና መወጠሪያ ታገኛላችሁ፤ የኋላውን ቱቦ በማቀፊያ ይይዛል። ከዚህ ሁሉ ዕቃ እጅግ አደገኛው እሱ ነው። ማቀፊያው ከላላ ካቴናው ይስበውና ቱቦው ላይ ዞሮ ሽቦዎቹ ውስጥ ይገባል፤ ጎማውም በሩጫ ላይ እንዳለ ይቆለፋል። ስለዚህ የመጀመሪያ ምርጫዎ ያለ እሱ መሥራት ይሁን፤ የኋላውን ጎማ ወደ ኋላ በመሳብ ወይም ሞተሩን በመቀመጫው ላይ በማንቀሳቀስ ካቴናውን ይወጥሩ። ግድ ከሆነ ብየዳ የሚያውቅ ባለሙያ መወጠሪያው እንዳይዞር የሚያግድ ትንሽ የብረት ጆሮ ቱቦው ላይ ይበይድልዎ። በመጨረሻም ካቴናውን በሽፋን ይከልሉ፤ ሱሪና የነጠላ ጫፍ የሚይዘው ያልተሸፈነ ካቴና ነው።

ቤንዚን፣ ሽቦና ማጥፊያ

የቤንዚን ማጠራቀሚያውን ከመግጠምዎ በፊት በጥቂት ቤንዚን አጥበው ይድፉት፤ ከፋብሪካ የብረት ብናኝ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ቤንዚኑ በራሱ ክብደት ስለሚወርድ ማጠራቀሚያው ከካርቡሬተሩ ከፍ ይበል። ቱቦው አጭር ይሁን፣ ከማርሚታው ይራቅ፣ መሃሉም ፊልትሮ ይኑረው።

የቤንዚን መስጫው ሽቦ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ነጻ መላወሻ ያስፈልገዋል። መሪውን እስከ መጨረሻ ወደ ቀኝ ከዚያም ወደ ግራ አዙረው በሁለቱም አቅጣጫ መስጫውን ይልቀቁት፤ ወዲያው ጠቅ ብሎ መመለስ አለበት። የሚዘገይ ከሆነ ሞተሩን አያስነሱ።

ማጥፊያው ቀላል ነው። አንዱ ሽቦ ከእሳት ሰጪው ጥቅል ከሚወጣው ሽቦ ጋር፣ ሌላው ከሞተሩ አካል ጋር ይገናኛል። ቁልፉ ሲጫን ሁለቱ ተገናኝተው ካንዴላው እሳት ያጣል። አውራ ጣትዎ ሳይፈልግ የሚያገኘው ቦታ ላይ ይሁን።

ዘይትና የመጀመሪያው ማስነሳት

ሞተሩ ከካርቶኑ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ዘይት የለውም። 10ደብሊው-30 የሞተር ዘይት፣ ሩብ ሊትር ገደማ ይወስዳል። ብስክሌቱ ቀጥ ብሎ ቆሞ እስከ መለኪያው ላይኛ ምልክት ይሙሉ። ካለፈ ትርፉ በመተንፈሻው ወጥቶ የአየር ፊልትሮውን ያረጥባል። ቤንዚኑ ንጹሕ ቤንዚን ነው፤ ዘይት መቀላቀል የባለ ሁለት ምት ሞተር ሕግ ነው፣ እዚህ ካንዴላውን ያጠቁራል። ዘይት ከገባ በኋላ ብስክሌቱን መገልበጥ ክልክል ነው።

የመጀመሪያውን ማስነሳት ደጅ ያድርጉት፤ የሞተር ጭስ በዝግ ቤት ይገድላል። የኋላውን ጎማ ከመሬት ያንሱ። የቤንዚኑን መክፈቻ ይክፈቱ፣ ቾኩን ይዝጉ፣ ገመዱን እስኪከብድ ድረስ ቀስ ብለው ስበው ከዚያ በፍጥነት ይሳቡት። ሞተሩ ሲሞቅ ቾኩን ይክፈቱ። ሚኒሞውን (ቤንዚን ሳይሰጡት ሞተሩ የሚዞርበትን ፍጥነት) ጎማው እስከማይዞርበት ዝቅ ያድርጉ። በዚህ ሞተር ላይ ያለው ፍሪሲዮን በዙር ኃይል ራሱ የሚይዝ ነው፤ ሚኒሞው ከፍ ካለ ሞተሩ ሳይጠየቅ ብስክሌቱን ይገፋል።

የመጀመሪያው ጉዞ ሄልሜት ተደርጎ፣ መኪና በሌለበት ሜዳ፣ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ይሁን። ተመልሰው ሞተሩ ሲቀዘቅዝ እያንዳንዱን ብሎን በመፍቻ ይንኩ። የስፕሮኬቱ ላስቲክ ስለሚረጋ 9ኙም ብሎኖች ጥቂት ይላላሉ፤ ይህ የሚጠበቅ ነው፣ ካቴናውም እንዲሁ ይረዝማል። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሙሉ ቤንዚን አይስጡ፤ በአንድ ፍጥነት ላይም አይቆዩ። የሆንዳው መመሪያ የመጀመሪያውን ዘይት ከተወሰኑ ሰዓታት ሥራ በኋላ እንዲቀየር ይላል፤ እኔ ግን ቀደም ብሎ እንዲቀየር እመክራለሁ። አዲስ ፒስተን ሲላመድ የሚፍቀው የብረት ብናኝ ያለው በዚያ ዘይት ውስጥ ነው፣ ሩብ ሊትር ዘይት ደግሞ ውድ አይደለም።

ከፍታ ላይ ለሚኖሩ

የሞተር አምራቾች በየ300 ሜትሩ ከፍታ የሞተር ኃይል 3.5 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ ይገልጻሉ። 1,800 ሜትር አካባቢ ያለችው ባሕር ዳር አንድ አምስተኛውን፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከሩብ በላዩን ትወስዳለች። ከ2 የፈረስ ጉልበት ላይ ይህ ሲነሳ በደንብ ይታወቃል። ሌላም ችግር አለ፤ አየሩ ሲሳሳ ካርቡሬተሩ የሚሰጠው ቤንዚን ለአየሩ ይበዛል፣ ሞተሩም ያፍናል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል።

ኃይሉን መመለስ አይቻልም፤ ቅልቅሉን ማስተካከል ግን ይቻላል። በካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚኑ የሚያልፍባት ቀጭን ቀዳዳ ያላት ትንሽ የነሐስ ብሎን አለች፤ አንድ ደረጃ ቀዳዳዋ በጠበበ ትቀየራለች። ውጤቱን የሚነግርዎ ካንዴላው ነው። በደንብ ከነዱ በኋላ ሞተሩ እንደቆመ ፈትተው ጫፉን ይመልከቱ። ጥላሸት የመሰለ ደረቅ ጥቁር ከሆነ ቤንዚኑ አሁንም ይበዛል። ነጭ ከሆነ አንሶታል፣ ሞተሩም ከልክ በላይ እየጋለ ነው፤ ወዲያው ወደ ሰፊዋ ቀዳዳ ይመለሱ። ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ የጫፉን ክፍተት ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር አድርገው ካንዴላውን ይመልሱት። ወደ ቆላ ለረጅም ጊዜ የሚወርዱ ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያዋን የነሐስ ብሎን ሳትጠፋ ያቆዩዋት፤ ከፍታው ሲቀንስ እሷው ትመለሳለች።